ለስኪዞፍሬኒያ ጥናት የፕሌትሌት ማኦ-ቢን መለካት

እ.ኤ.አ. በ1972 ተመራማሪዎቹ መርፊ እና ዋያት ሥር የሰደደ ስኪዞፍሬኒያ (ከባድ የአእምሮ ሕመም) ያለባቸው ሰዎች ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ ጥቃቅን የደም ሴሎች) ውስጥ የሞኖአሚን ኦክሲዴዝ (ማኦ፣ ዶፓሚንን የመሰሉ የአንጎል ኬሚካሎችን የሚሰብር) ኢንዛይም እንቅስቃሴ ዝቅ ብሎ ማግኘታቸውን ዘገቡ። ኋላ የተደረጉት ጥናቶች ግን አንድ ዓይነት ውጤት አላመጡም። ስለዚህ ይህን ልኬት የሚሠራ ሰው ከበሽታው ውጭ ኢንዛይሙን የሚያወርደውን ሁሉ አስቀድሞ መያዝ አለበት።

ደም ከመቅዳት በፊት ስለ ሲጋራ ይጠየቅ። የትንባሆ ጭስ ማኦ-ቢን (ከማኦ ሁለት ዓይነቶች፣ ኤ እና ቢ፣ አንዱን) በግልጽ ይቀንሳል፤ ይህን የሚያደርገው ኒኮቲን ሳይሆን በጭሱ ውስጥ ያሉ ሌሎች ውህዶች ናቸው። ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው ሰዎች መካከል ደግሞ አጫሾች ይበዛሉ። ይህ ካልተመዘገበ የሚለካው በሽታው ሳይሆን ሲጋራው ሊሆን ይችላል። ሴሌጂሊንና ራሳጂሊን የተባሉት መድኃኒቶች ኢንዛይሙን ስለሚዘጉት የሚወስዳቸው ሰው አይካተት። የሳይኮሲስ መድኃኒቶች ዓይነትና መጠን፣ ዕድሜና ጾታም ይጻፉ።

ደሙን በ3.2 በመቶ ሶዲየም ሲትሬት ቲዩብ ይቅዱ፤ 9 እጅ ደም ለ1 እጅ ሲትሬት። ቲዩቡን በቀስታ ይገልብጡ፣ ፍሪጅ አያስገቡት፤ ቅዝቃዜ ፕሌትሌቶቹን ያነቃቸዋል። በ2 ሰዓት ውስጥ በክፍል ሙቀት፣ በ200 ጂ (የስበት ኃይል 200 እጥፍ)፣ ለ10 ደቂቃ፣ የሴንትሪፊዩጁ (የማሽከርከሪያ መሣሪያው) ፍሬን ጠፍቶ ያሽከርክሩ። ፕሌትሌቶቹን ከያዘው ከላይኛው ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ) ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ይውሰዱ፤ ከሥሩ ያለውን ነጭ የደም ሴሎች ንጣፍ አይንኩ። እዚህ ላይ መቸኮል ብዙ ያበላሻል፦ ፍጥነቱ ከበዛ ትልልቆቹ ፕሌትሌቶች ከቀይ የደም ሴሎች ጋር ይወርዱና የሚለካው የትንንሾቹ ብቻ ይሆናል። ከዚያ ፕሌትሌቶቹን ቆጥረው በ2000 ጂ ያውርዷቸው፣ ይጠቧቸው፣ በ−80 ዲግሪ ያስቀምጡ።

ለልኬቱ ፕሌትሌቱን በረዶ ላይ ሰብረው በፒኤች 7.4 ፎስፌት ባፈር ውስጥ ከኪኑራሚን (ኢንዛይሙ ከሚለውጠው ኬሚካል) ጋር በ37 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ያቆዩት። ኪኑራሚን ለማኦ-ኤም ይሠራል፤ ፕሌትሌት ውስጥ ያለው ግን ማኦ-ቢ ብቻ ስለሆነ አያስቸግርም። ምላሹን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያቁሙ። የሚፈጠረውን 4-ሃይድሮክሲኪኖሊን በ315 ናኖሜትር ብርሃን አብርተው የሚመልሰውን ብርሃን በ380 ናኖሜትር ያንብቡ። ከእያንዳንዱ ናሙና ጎን ኢንዛይሙ በሴሌጂሊን አስቀድሞ የተዘጋበት የማነጻጸሪያ ናሙና (ባዶ) መኖር አለበት፤ የእሱ ንባብ ከናሙናው ንባብ ይቀነሳል። በ15 እና በ45 ደቂቃም ይሞክሩ፤ ምርቱ ከጊዜው ጋር እኩል ካልጨመረ ኪኑራሚኑ እያለቀ ስለሆነ የሚጨመረውን የፕሌትሌት ፕሮቲን ይቀንሱ።

ውጤቱ በናኖሞል ለአንድ ሚሊግራም ፕሮቲን በሰዓት ይጻፍ። የታካሚና የጤነኛ ናሙናዎች በአንድ ሳህን ላይ ተቀላቅለው፣ አንባቢው ማንነታቸውን ሳያውቅ ይነበቡ። ንጽጽሩም አጫሽን ከአጫሽ፣ የማያጨስን ከማያጨስ ጋር ይሁን።