የሳንቲም ጽሑፍ ተደርቦ ሲታይ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ከአያት የወረደ ጠገራ ብር፣ የምኒልክ ብር ወይም 1936 የሚል ዓመት ያለበት የመዳብ ሳንቲም በጎጃም በብዙ ቤት ተቀምጦ ይገኛል። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ፊደሉ ወይም ምስሉ ሁለት ሆኖ ሲታይ፣ ባለቤቱ ሳንቲሙን በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር ላለ ሳንቲም ገዥ ከማሳየቱ በፊት መደራረቡ ከየት እንደመጣ ሊለይ ይገባል፤ ዋጋውን የሚወስነው ይኸው ነውና።

ሁለቱም ምስሎች ክብ ብለው ከፍ ያሉ፣ ፊደሉ ከተለመደው የወፈረ፣ የእግሩም ጫፍ በትንሽ ስንጥቅ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ ምክንያቱ ያለው በማተሚያው ብረት ላይ ነው። ድሮ ማተሚያው ሲሠራ ምስሉን ከሚያሳርፍበት ዋና ብረት፣ ከአብነቱ ጋር ከአንድ ጊዜ በላይ ይጫን ነበር፤ በመካከሉም ብረቱ እንዲለሰልስ በእሳት ይሞቃል። በሁለተኛው ጫና አብነቱ ጥቂት ዞሮ ከተቀመጠ ድርቡ ምስል በማተሚያው ላይ ይቀራል፣ ከዚያም የሚወጣው ሳንቲም ሁሉ ያንኑ ይዞ ይወጣል። በፊላደልፊያ የታተመው የ1955 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ አንድ ሳንቲም በዚህ የታወቀ ሲሆን፣ ዓመቱና ጽሑፉ ተደርበው ያለ አጉሊ መነጽር ይታያሉ። መፍትሄው ተመሳሳይ ሳንቲም ፈልጎ ማስተያየት ነው፤ መደራረቡ በዚያው ቦታና አቅጣጫ ከተደገመ ጥርጣሬው በእጅጉ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ምስል ግን እንደ መደብ ጠፍጣፋና ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ፊደሉም ከቀጠነ፣ ማተሚያው በደንብ ሳይታሰር ቀርቶ በምት ጊዜ ተንቀሳቅሶ ብረቱን ገፍቶታል ማለት ነው። ይህ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስት ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ በሚያርፍ ብርሃን ሲታይ እውነተኛ ድርብ ይመስላልና። ስለዚህ ሳንቲሙን እያዞሩ ከየአቅጣጫው ማየት ያስፈልጋል፤ ጠፍጣፋነቱ ከተረጋገጠ ተጨማሪ ዋጋ አይጠየቅበትም። በፊደሎቹ ዙሪያ የደበዘዘ ጥላ ብቻ ከታየ ደግሞ ማተሚያው ከብዙ ሥራ በኋላ ማርጀቱን ያሳያል።

ለጌጥ የተንጠለጠለ ወይም አንጥረኛ ያሻሸው ብር ጠርዙ ስለሚያልቅ በእርሱ ላይ መፍረድ አስቸጋሪ ነው፤ በእኔ እምነት እንዲህ ባለው ላይ ፍርድን ማቆየት ይሻላል። ቆሻሻ ከሸፈነው በአመድ ወይም በሎሚ ማሸት የምንፈልገውን ማስረጃ ያጠፋልና፣ በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፎ ሳያሹ በለስላሳ ጨርቅ ጫን እያደረጉ ማድረቅ በቂ ነው።

በጠገራ ብር ላይ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ምስላቸው በብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ቢሞቱም ብሩ ያንኑ ዓመት ይዞ በቪየና፣ በኋላም በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ታትሟል። ስለዚህ በሁለት ብሮች መካከል የፊደል ወይም የጌጥ ልዩነት ቢታይ የተለያየ ማተሚያ ምልክት እንጂ ድርብነት አይደለም፤ ድርብነት የሚባለው በአንዱ ብር በራሱ ላይ ሁለት ምስል ሲታይ ነው። ክብደቱም 28 ግራም ያህል መሆን ስላለበት፣ ከዚህ በጉልህ የሚያንስ ከሆነ መደራረቡን ከመመርመር በፊት ተቀልጦ የፈሰሰ አስመሳይ መሆን አለመሆኑን በጠርዙ ላይ በሚታይ የመጋጠሚያ መስመር ማጣራት ይቀድማል።