ያገለገለ የጀልባ ሞተር ልትገዙ ነው? ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ሻጩ ጋ ስትደርሱ ሞተሩ እየሠራ ከጠበቃችሁ ደስ አይበላችሁ። የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል። ጠዋት ክንድ እስኪዝል ሲያስጎትት የነበረው ሞተር አንዴ ከሞቀ በአንድ ጉተታ ይነሳል፤ ደላላውም "አየህ፣ አዲስ በለው!" ይላል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ደውሉና "እኔ እስክመጣ እንዳትነካው" በሉ። ስትደርሱ ክዳኑን አስከፍቱና በእጃችሁ ዳስሱት። ለብ ካለ ሻይ ጠጥታችሁ እስኪበርድ ጠብቁ።

የማወራው ጣና፣ ሐዋሳ፣ ዝዋይና ጫሞ ላይ ስለሚሠሩት ከ15 እስከ 40 ፈረስ ጉልበት ያላቸው ቱ ስትሮክ ሞተሮች ነው፤ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ ስለሚጠጡት። የሚያስደነግጠው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የቤንዚንና የጎማ ጉዳይ ነው፣ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማችኋል። ኪስ የሚያራግፈው ብልሽት ድምፅ ሳያሰማ የተቀመጠው ነው። ሁለቱን መለየት ነው ሥራው።

ጨርሶ አይነሳም

ከመፍረዳችሁ በፊት ከነጂው እጅ ጋር የምትታሰረዋን ጥምዝ ገመድ እዩ። ነጂው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩን የምታጠፋው እሷ ናት። ጫፏ ላይ ያለችው ፕላስቲክ ቦታዋ ላይ ካልገባች ሞተሩ ኮረንቲ አያገኝም፣ እስከ ማታ ብትጎትቱም አይነሳም። ገመዷ ጠፍታ በሽቦ የታሰረም አይቻለሁ። ሞተሩ ይሠራል፣ ሰው ሲወድቅ ግን ጀልባው ብቻውን ይሄዳል። ማርሹም ዜሮ ላይ መሆኑን እዩ፤ ብዙዎቹ ማርሽ ላይ እያሉ አይነሱም።

ቀጥሎ የቤንዚን መስመሩ። የታንኩ ክዳን ላይ ያለችውን የአየር መተንፈሻ ክፈቱ። ቱቦው መሀል ያለውን የጎማ ፓምፕ ቀስቱ ወደ ላይ እንዲያይ አድርጋችሁ ጭመቁት። ጠንክሮ ከቆመ ቤንዚኑ ደርሷል። ስትጨምቁት ሁሌ ልፍስፍስ ካለ አየር የሚስብበት ቦታ አለ፦ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የላላ ማሰሪያ፣ ያረጀ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት)። ቱቦውን እጠፍ አድርጉት፤ ጥቃቅን ስንጥቅ ካሳየ ሙሉውን መቀየር ነው።

ቤንዚን ደርሶም እምቢ ካለ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፍቱ። እርጥብ ከሆነና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ የጎደለው ኮረንቲ ነው። ካንዴላውን ቆቡ ውስጥ መልሱና ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክታችሁ ገመዱን አስጎትቱ፣ የፈሰሰ ቤንዚን አካባቢ እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቁ። ሰማያዊ ብልጭታ ከሌለ በአዲስ ካንዴላ ድገሙት። አዲሱም ካልሠራ ጥፋቱ ኮይሉ (ለካንዴላው ኮረንቲ የሚሰጠው ጥቅል ሽቦ) ወይም ሲዲአይ የሚሉት የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ሊሆን ይችላል። ይሄ ውድ ነው፣ እንደ ልብም አይገኝም። ዋጋውን ሳታጣሩ እጅ አትምቱ።

ይነሳል፣ ትንሽ ሄዶ ይጠፋል

ይሄ ለመመርመር ቀላሉ ነው፣ ግን ሐይቅ ላይ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ይንዳ፣ ሌላው የጎማ ፓምፑን ይያዝ። ሞተሩ መድከም ሲጀምር ፓምፑን ጭመቁት። ነፍስ ከዘራ የሞተሩ የራሱ የቤንዚን ፓምፕ ደክሟል ማለት ነው፤ ውስጡ ያለችው ስስ ሽፋን ተቀድዳ ወይም ደርቃ ይሆናል፣ እሷን መቀየር በቂ ነው። ፓምፑ በእጃችሁ ውስጥ ተጨማዶ ካገኛችሁት ደግሞ መዘጋቱ ከታንኩ በኩል ነው፣ ወይ የክዳኑ መተንፈሻ ወይ ታንኩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ። ሻጩ በዚህ ምክንያት "ሞተሩ አርጅቷል" ብሎ ዋጋ ከቀነሰላችሁ ዝም ብላችሁ ተቀበሉ።

በዝግታ ሲሆን ይርገበገባል፣ ሲፈጥን ደህና ነው

ካርቡሬተር ነው፣ ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ክፍል። ቤንዚን ይዞ ወራት የቆመ ሞተር ውስጥ ቤንዚኑ ይተንና ሙጫ ይተዋል፣ መጀመሪያ የሚደፈነውም የዝግታው ጠባብ ቀዳዳ ነው። ፈትቶ በማጽጃና በአየር መንፋት ይበቃል። በብረት ሽቦ አያስወጉት፤ ቀዳዳው ከሰፋ ወደ ነበረበት አይመለስም።

ጭሱ ብዙ፣ ጉልበቱ ትንሽ

እዚህ ላይ ብዙ ጤነኛ ሞተር በሐሰት ይፈረድበታል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ሐዋሳም 1,700 ሜትር አካባቢ። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባህር ጠረፍ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ከዱባይ ወይም ከጅቡቲ የመጣ ሞተር ደግሞ ካርቡሬተሩ የተስተካከለው ለባህር ጠረፍ አየር ነው። ያው ቤንዚን ይገባል፣ አየሩ ግን ይጎድላል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይበዛል፣ አርባ ፈረስ ተብሎ የተገዛው ሠላሳ ምናምን ሆኖ ያርፋል። ከጉልበቱ የተወሰነውን ማንም መካኒክ አይመልሰውም፣ አየሩ የለማ! የቀረው ግን ይስተካከላል፦ አነስ ያለ ዋና ጄት (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ብሎን) ማስገባትና ዝቅ ያለ ፒች ያለው፣ ማለትም በአንድ ዙር አጭር ርቀት የሚገፋ ፕሮፔለር መግጠም። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይሄን ያስተካከላችሁትን ሞተር ጫሞ ከወሰዳችሁት፣ ጫሞ 1,100 ሜትር ገደማ ነውና አየሩ ይወፍራል፤ ትንሿ ጄት እዚያ ፒስተን ልታቃጥል ትችላለች። የመጀመሪያውን ጄት አትጣሉት።

ከፍታውን ከመውቀሳችሁ በፊት ግን ሻጩ ዘይት እንዴት እንደሚቀላቅል ጠይቁ። ብዙዎቹ 50 ለ 1 ናቸው፣ ማለትም ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር። የእናንተን ሞዴል ከመመሪያው አጣሩ። ዘይቱም ቲሲ-ደብልዩ3 የሚል የጀልባ ቱ ስትሮክ ዘይት ይሁን። "በዓይን ግምት፣ ከመኪና ዘይት" የሚል መልስ ከሰማችሁ ጭሱም የካንዴላው ጥቀርሻም ተመለሰላችሁ፤ ፒስተኑና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ምን እንደሚመስል ግን አሁን መለካት አለባችሁ።

ሲጎተት ይቀላል

ገመዱ ሲጎተት ሞተሩ ደህና አድርጎ ካልታገላችሁ ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የታመቀ አየር ግፊት፣ ወርዷል። መለኪያ ተዋሱ ወይም መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ መለኪያ የጀልባ ሞተር መግዛት እኔ አልመክርም። ካንዴላዎቹ ሁሉ ይፈቱ፣ የማጥፊያዋ ገመድ ትነቀል፣ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻ ይከፈት፣ ከዚያ መርፌው መውጣት እስኪያቆም አምስት ስድስት ጊዜ ይጎተት።

ቁጥሩን ስታነቡ ከፍታውን አትርሱ። ባህር ጠረፍ ላይ 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚያሳይ ሞተር ጣና ላይ ከመቶ ቢያንስም አይግረማችሁ፣ ያው ሞተር ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን እዩ። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 እስከ 15 ከመቶ ካለፈ ችግር አለ። አንዱ ብቻ ከወረደ ፋሻ ተሰብሯል ወይም ሲሊንደሩ ተቧጭሯል፤ ሲሊንደሩን ማስቦርቦር፣ አዲስ ፒስተን፣ የሰው ደጅ መጥናት። እግዜር ይስጥልኝ ብላችሁ ሂዱ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች እኩል ከወረዱ ግን መሀላቸው ያለው የቴስታታ (የሲሊንደሩ ራስ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ይቀየራል። ካንዴላው ላይ የውሃ ጠብታ ወይም ዝገት ካያችሁም መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይሄንኑ ጓርኒሲዮን ነው።

ከጎኑ ውሃ አይተፋም

ሞተሩ ሲነሳ ከጎኑ ቀጭን ውሃ መትፋት አለበት። ካልተፋ ቶሎ አጥፉት፣ ያለ ውሃ ትንሽ ደቂቃ እንኳ የፓምፑን ጎማ ይበላዋል። መጀመሪያ የመትፊያዋን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ክፈቱ፤ ጭቃና ተርብ ቤት ይሠሩባታል። ከዚያ ከታች ውሃ የሚገባበትን ወንፊት እዩ። ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ የማይገባበት ነገር የለም፣ ሥሩ ወንፊቱ ላይ ይጠመጠማል። ሁለቱም ንጹሕ ከሆኑ ኢምፔለሩ ነው፣ የውሃ ፓምፑ ጎማ ማለት ነው። ርካሽ ነው፣ ደህና ቢሆንም ገዝታችሁ ቀይሩት። አሮጌው ሲወጣ ክንፎቹን ቁጠሩ። የጎደለ ካለ ቁራጩ ወደ ላይ ሄዶ የሆነ ቦታ ተወሽቋል፣ ሳይገኝ ፓምፑን መዝጋት ዋጋ የለውም።

ውሃ እየተፋ የሚግልም አለ። የቴስታታው ብረት ላይ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉ፤ "ሽስ" ብሎ ከተነነ ከመጠን በላይ ግሏል። ወይ ቴርሞስታቱ (ውሃውን እንደ ሙቀቱ የሚያሳልፈው) ተዘግቷል ወይ የውሃ መንገዱ ጠቧል። ከባህር የመጣ ሞተር ከሆነ ጨው ጠርጥሩ። ክዳኑን አንሱና በቡሎኖቹ ዙሪያ ነጭ ቅርፊት፣ ከሥሩ ያበጠ ቀለም ፈልጉ። ጨው የበላው ሞተር ቡሎኑ ሲፈታ ይቀነጠሳል፣ ከዚያ የአንድ ሰዓት ሥራ የሳምንት ይሆናል።

የማርሹ ዘይት

ይሄን ከማንኛውም ነገር በፊት፣ ሞተሩ ሳይነሳ እዩት። ታች እግሩ ላይ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ በሚገባው የማርሽ ክፍል ላይ፣ ሁለት ብሎኖች አሉ። የታችኛውን ትንሽ ላላ አድርጉና ጥቂት ጠብታ በጣታችሁ ተቀበሉ። ቆሞ ያደረ ሞተር ውስጥ ውሃው ከታች ስለሚቀመጥ ካለ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶ ተቀላቅሏል፣ ፓራኦሊዮው (የዘንጉ የጎማ ማሸጊያ) አልቋል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው መረብ ነው። ፕሮፔለሩን አውልቁና ከኋላው ዘንጉ ላይ እዩ፤ የመረብ ናይለን ተጠምጥሞ ፓራኦሊዮውን ሲቆርጠው ታገኙታላችሁ። ቶሎ ከተደረሰበት ፓራኦሊዮ መቀየር ነው። ዘይቱን በጣታችሁ ስታሹት ብረት ከቆረቆራችሁ ግን የማርሹ ጥርስና ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚሽከረከርበት) እያለቀ ነው። ስስ ግራጫ ጭቃ ያስኬዳል፣ ቁርጥራጭ ብረት አያስኬድም።

ዘይቱ ወለል ያለ አዲስ ከሆነስ? ትናንት ተቀይሮ ይሆናል። ሐይቅ ላይ ከነዳችሁት በኋላ እንደገና ክፈቱት። እግሩ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ሞተርም እንደዚሁ ነው፤ ከቀለሙ ሥር ብየዳ ፈልጉ።

ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባው አይሄድም

ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። የፕሮፔለሩ መሀል ያለው ጎማ ተላቆ ይሆናል። ከመሀሉ እስከ ውጪው ቀለበት አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም አስምሩና ነድታችሁ ተመለሱ፤ መስመሩ ከተቆረጠ ጎማው እየተንሸራተተ ነው። ወይም ማርሹ ወደፊት ገብቶ ሲጫን "ቀጭ" እያለ ይወጣል፤ ይሄ ጥርስ ነው፣ ውድ ነው፣ በርሜል ውሃ ውስጥ ሲሞከርም አይታይም። ከባህር ዳር እስከ ዘጌ ሄዶ መመለስን የሚተካ ፈተና የለም፤ አዞዎች የሚሰበሰቡበት አዞ ገበያው አጠገብ ጫሞ መሀል ላይ ከማወቅ ጠዋት ሻጩ አብሯችሁ ተቀምጦ ማወቅ ይሻላል።

ሦስተኛው ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ እግሩ ለጀልባችሁ ሲያጥር ነው። አጭሩ 38 ሴንቲ ሜትር፣ ረጅሙ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የጀልባችሁን የኋላ ግድግዳ ከፍታ ሳትለኩ አትሂዱ። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት፤ ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ አየር ይቀዝፋል።

ወረቀቱ

ሞተሩ ጀልባው ላይ የሚታሰርበት ማሰሪያ ላይ የተለጠፈውን መለያ ቁጥር ከዲክላራሲዮኑ (ከጉምሩክ ወረቀቱ) ወይም ከደረሰኙ ጋር አመሳክሩ። የተፋቀ ወይም የተነቀለ ከሆነ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያጓጓ ተዉት። ሞዴሉም በሐይቃችሁ ላይ ሌሎች የሚነዱት ቢሆን ይመረጣል፤ ያኔ ዕቃም መካኒክም ጎረቤት አለ።

ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ

ካንዴላ፣ ኢምፔለር፣ የቤንዚን ቱቦ፣ የማርሽ ዘይት፤ አራቱንም ሳትጠይቁ ቀይሩ። የማርሹን ዘይት ከላይ አታፍስሱ፣ አየር ይታፈንና የሞላ ይመስላችኋል። ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና ከታችኛው ቀዳዳ በፓምፕ እየገፋችሁ ሙሉ፤ በላይኛው በኩል አረፋ የሌለው ዘይት ሲወጣ የላይኛውን ብሎን አስቀድማችሁ ዝጉ፣ ከዚያ ፓምፑን ነቅላችሁ የታችኛውን ቶሎ ግጠሙ።