የደከመን ወላጅ ለማሳረፍ ልጁን በእንግድነት መቀበል

በሕመም፣ በሐዘን ወይም በችግር የደከመን ቤተሰብ ለማገዝ ልጁን ለጥቂት ቀናት ሊቀበል የሚያስብ ቤተሰብ፣ አስቀድሞ የራሱ ልጆች ባሉበት ተመካክሮ መስማማት አለበት። ከዚያም ሁለቱም ወገን የሚያምኗቸው የእድር ዳኛ ወይም ሽማግሌ በተገኙበት፣ ልጁ የሚመጣበትንና የሚመለስበትን ቀን ከወላጆቹ ጋር መቁረጥና ቀበሌውን ማሳወቅ ይገባል። ይህ ማረፊያ እንጂ ጉዲፈቻ አለመሆኑ በግልጽ ሲነገር የእናት ስጋት ይቀልላል።

ልጁ የሚወስደውን መድኃኒትና የማይስማማውን ምግብ ጠይቁ። ደብረ ብርሃንን በመሰለ ደጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ስለሚበረታ፣ ባናውን ቀን ፀሐይ ላይ አስጡለት፤ ከቤቱ ያመጣውን አሮጌ ጋቢ ግን አትውሰዱበት፤ የእናቱ ጠረን ያለበት ጨርቅ በመጀመሪያው ሌሊት ከአዲስ ልብስ ይበልጥ ያረጋጋዋል። ከአንድ አዋቂ ጋር ለብቻው አይደር። ትምህርቱም አይቋረጥ።

እናቱ ልትወስደው ስትመጣ ቡና አፍሉላት፤ ምን እንደበላና እንዴት እንደተኛ ንገሯት። ስለ ቤቷ የሰማችሁትን ለጎረቤት አታውሩ፤ በልጁ ገላ ላይ የድብደባ ምልክት ካያችሁ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ አሳውቁ።