ማን አባረረ? የሠራተኛ ታሪክን በኮሌጅ የጽሑፍ ክፍል ማስጻፍ

ተማሪ ስለ ሠራተኛ ሲጽፍ ቀድሞ የሚጠፋበት የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ነው። «ደመወዝ ተቀነሰ፣ ሠራተኞች ተባረሩ» ብሎ ያልፋል። ማን ቀነሰ? ማን አባረረ? የመጀመሪያውን ረቂቅ ስታርሙ ሌላውን ስህተት ተዉትና እንዲህ ያሉትን ተደራጊ ግሦች ብቻ በቀይ አስምሩ። አድራጊው ካልታወቀ ተማሪው አለመታወቁን ይጻፍ።

«ሠራተኛው» የሚለው ቃልም እንዲሁ ይሸፍናል። ወንጂን እንውሰድ፦ የሆላንዱ ኩባንያ ኤችቪኤ በ1946 ዓ.ም ሥራ ባስጀመረው ስኳር ፋብሪካ፣ የማሽን ቋሚ ሠራተኛና ከከምባታና ከሀዲያ ለወቅቱ የሚመጣ አገዳ ቆራጭ አንድ ዓይነት ኑሮ አልነበራቸውም። ተማሪው አንድ የሥራ ዓይነት ይምረጥ።

ቃለ መጠይቁ ከአንድ አዛውንት ሠራተኛ ጋር፣ በሁለት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት ይበቃል። የአንድ ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ አራት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ከዚህ የበዛ ካዘዛችሁ ተማሪው ሳይገለብጥ ከትዝታው ይጽፋል። ፈቃዳቸውን በቅጂው መጀመሪያ ላይ ይጠይቅ። ስልኩን ኪስ ውስጥ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ፣ የታጠፈ ጨርቅ ላይ ያስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ስለ ትግሉ ይንገሩኝ» ብሎ የጀመረ ተማሪ ታሪክ ሳይሆን ንግግር ይዞ ይመለሳል። በአንዲት የሥራ ቀን ይጀምር፦ ስንት ሰዓት ይነሡ ነበር? ስም የሚጠራው ካቦው ነበር ወይስ ጸሐፊው? ከደመወዝ ላይ ምን ይቆረጥ ነበር? አድማው ለሁለተኛው ቀን ይቆይ። የደመወዝ ወረቀት ወይም የሥራ ልምድ ማስረጃ ካላቸው በፈቃዳቸው ፎቶ ያንሣ፤ ወረቀቱና ትዝታው ከተጣረሱ ሁለቱንም ይጻፍ፣ አያስታርቅ።

ዓመተ ምሕረት ብዙ ድርሰት ያበላሻል። ከጥር እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ባለው ጊዜ ከአውሮፓው ዓመት 8 ይቀነሳል፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ገደማ ግን 7። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተውም፣ የሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 210 የወጣውም በአውሮፓ 1963 ነው፤ በእኛ ግን ኮንፌዴሬሽኑ 1955፣ አዋጁ ጥቅምት 1956 ይሆናል። ሁልጊዜ 8 የሚቀንስ ተማሪ አዋጁን ወደ 1955 ይጎትተዋል። አዛውንቱ «66» ካሉ ደግሞ ጭራሽ አይቀነስም፤ ጠቅላላው የሥራ ማቆም አድማ የተጀመረው የካቲት 28 ቀን 1966 ነው።

ሌላው ወጥመድ አንቱታ ነው። «ሥራ አቆሙ» ሲባል አዛውንቱ ብቻቸውን ናቸው ወይስ ፋብሪካው በሙሉ? ግሡ ለሁለቱም አንድ ነው። ስለ አድማ በሚጻፍ አንቀጽ ውስጥ ከእንዲህ ያለ ግሥ ሁሉ በፊት «እርሳቸው» ወይም «የፈረቃው ሠራተኞች» ተብሎ ይገለጽ። ረቂቁ ለባለታሪኩ ሲነበብ መጀመሪያ የሚያርሙትም አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ነው፦ «እኔማ የዚያን ቀን ገብቻለሁ።»