ሴት ጥጃ የሚያስገኝ የኮርማ አባላዘር እንዴት እንደሚለይ

የወተት ላም የሚያረባ ሰው ሴት ጥጃ ይፈልጋል፤ ተፈጥሮ ግን ግማሽ በግማሽ ነው የምታካፍለው። ፆታውን የሚወስነው ከኮርማው የሚመጣው ስፐርም ነው። ኤክስ ክሮሞዞም የያዘው ሴት፣ ዋይ የያዘው ወንድ ይሆናል። ኤክስ ትልቅ ስለሆነ፣ ኤክስ የያዘው የኮርማ ስፐርም ከዋዩ 3.8 በመቶ ያህል ብልጫ ያለው ዲኤንኤ አለው። ለመለየት የምንይዘው ይህችን ብልጫ ብቻ ነው።

በዋና ፍጥነት መለየት፣ በማዝቀጥ መለየት፣ ላሟን ቀደም ወይም ዘግየት አድርጎ ማዳቀል እየተባለ ብዙ ይወራል፤ እምነት የሚጣልበት አንዱም የለም። የሚሠራው በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የቤልትስቪል ምርምር ማዕከል ሎውረንስ ጆንሰንና ባልደረቦቹ ያዳበሩት፣ በ1989 እ.ኤ.አ. የጥንቸል ግልገሎች ያስገኙበት መንገድ ነው፦ ዲኤንኤውን ማቅለምና ስፐርሞቹን በፍሎው ሳይቶሜትር፣ ማለትም በሌዘር ብርሃን እያየ በሚለካና በሚለይ ማሽን፣ አንድ በአንድ ማሳለፍ።

መነሻው ጥሩ አባላዘር (ስፐርሙን የያዘው የኮርማው ፈሳሽ) ነው። እንቅስቃሴው ደካማ የሆነውን ወይም ቅርጹ የተበላሸ ስፐርም የበዛበትን አትድከሙበት፤ መለየት ያዳክመዋል እንጂ አያሻሽለውም። አንቲባዮቲክ ጨምሩበት፣ መጠኑን በትክክል ቁጠሩ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ወደ 200 ሚሊዮን ስፐርም እንዲሆን አቅጥኑ። ቆጠራው ከተሳሳተ ቀጥሎ ያለው ቀለምም ይሳሳታል።

ቀለሙ ሆክስት 33342 ነው። በሕይወት ያለ ስፐርም ውስጥ ይገባል፣ ዲኤንኤው ላይ ይጣበቃል፣ አልትራቫዮሌት ሲያርፍበት ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። በ34 ዲግሪ ለ45 ደቂቃ፣ ከብርሃን ተከልሎ ይቆይ። ከዚያ የእንቁላል አስኳልና ቀይ የምግብ ቀለም ያለበትን ፈሳሽ እኩል በእኩል ጨምሩ። ቀዩ ቀለም ሽፋናቸው የተቀደደ የሞቱ ስፐርሞች ውስጥ ገብቶ ብርሃናቸውን ያደበዝዛል፤ ማሽኑም ይጥላቸዋል። በ50 ማይክሮን ማጥለያ ማሳለፍ አይረሳ። አንዲት ጓል ኖዝሉን (ፈሳሹ የሚወጣበትን የማሽኑን ጠባብ አፍ) ከዘጋች ያ ቀን አለቀ።

አሁን ዋናው ጣጣ። የኮርማ ስፐርም ጭንቅላት እንደ ዱባ ፍሬ ጠፍጣፋ ነው። የመስኮት መስታወት በጠርዙ በኩል ሲታይ ቀለሙ እንደሚደምቅ፣ ይህም ጭንቅላት ብርሃኑን በጠርዙ በኩል አብዝቶ ያወጣል። ስለዚህ ያው አንድ ስፐርም ሲዞር የሚታየው የብርሃን ለውጥ፣ በኤክስና በዋይ መካከል ካለው 3.8 በመቶ በእጅጉ ይበልጣል። አቅጣጫው ያልተያዘ ስፐርም ፆታው አይነበብም ማለት ነው።

መፍትሔው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ውስጡ ሞላላ ሆኖ የተሠራ ኖዝል ነው፤ ፈሳሹን ጠፍጣፋ አድርጎ ስፐርሙ ጠፍጣፋ ፊቱን ወደ ሌዘሩ እንዲያዞር ያስገድደዋል። በተራ ኖዝል በትክክል የሚቆመው ከአራት አንዱ ገደማ ሲሆን በዚህኛው ወደ 70 በመቶ ይደርሳል። ሁለተኛው ሁለት ብርሃን ተቀባይ መጠቀም ነው። በ90 ዲግሪ ያለው ጠርዙን አይቶ «ይህ በትክክል ቆሟል» ይላል፤ ከፊት ለፊት ያለው ዲኤንኤውን ይለካል። ጠርዙ ደምቆ ያልታየውን ሁሉ ጣሉት። ብክነት ይመስላል፤ ግን ግዴታ ነው።

ሥራው ሲሰምር የማሽኑ ግራፍ ላይ ሁለት ጉብታ (የኤክስና የዋይ) በመካከላቸውም ሸለቆ ይታያል። ሸለቆው ከሞላ ጀማሪ ሁሉ የሚሮጠው ቀለም ለመጨመር ነው፤ ቀለም ሲበዛ ግን ስፐርሙ ይጎዳል፣ ሸለቆውም አይጠራም። መጀመሪያ ኖዝሉን አውጥታችሁ አጽዱ፤ የአየር አረፋና ቆሻሻ አቅጣጫውን ያበላሻሉ። ቀጥሎ የሌዘሩን አነጣጠር እዩ። ቀለሙን የምትነኩት እነዚህ ሁለቱ ካልረዱ ብቻ ነው፤ እሱንም ከዚያው ኮርማ ጥቂት ናሙና ወስዶ በተለያየ መጠን በመሞከር ነው እንጂ በግምት አይደለም።

ፈሳሹ በንዝረት ወደ ጠብታ ይሰበራል። ኤክስ የያዘችው ጠብታ አንድ ዓይነት፣ ዋይ የያዘችው ተቃራኒው የኤሌክትሪክ ሙል ይሰጣትና በሁለት ሳህኖች መካከል ስታልፍ ወደየጎኗ ትሳባለች፤ ያልታወቀችው በቀጥታ ወደ ቆሻሻ ትወርዳለች። ግፊቱ 40 ፒኤስአይ ይብቃው። 50 ሲሆን ስፐርሙ የበለጠ እንደሚጎዳ ታይቷል፤ ፍጥነት ለማትረፍ ብሎ መጨመር ኪሳራ ነው።

ዋጋው ለምን እንደሚወደድ በሒሳብ እዩት። በሴኮንድ 5 ሺህ ኤክስ ቢለይ፣ 2 ሚሊዮን የያዘች አንዲት ስትሮ (አባላዘር የሚቀመጥባት ቀጭን ቱቦ) ለመሙላት 400 ሴኮንድ ይፈጃል። አንድ ኮርማ በአንድ ጊዜ 5 ቢሊዮን ስፐርም ቢሰጥ፣ በሴኮንድ 20 ሺህ እየተሳለፈ ሁሉን ለመጨረስ ሦስት ቀን ገደማ ያስፈልጋል፤ ያን ያህል ደግሞ አይቆይም።

መቀበያ ቱቦው ባዶ አይሁን። የአስኳል ፈሳሽ አስቀድማችሁ ጨምሩበት፣ ግድግዳውንም አርጥቡት፤ አለዚያ በፍጥነት የሚመጣው ጠብታ ደረቅ ፕላስቲክ ላይ ይፈጠፈጣል። ከዚያ እስከ 5 ዲግሪ በአንድ ሰዓት ተኩል ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ፣ ግሊሰሮል ይጨመር፣ በሴንትሪፉጅ ይሰብሰብ፣ በ0.25 ሚሊ ሊትር ስትሮ ይሞላና ታሽጎ በፈሳሽ ናይትሮጅን በረዶ ይደረግ። ከመሸጡ በፊት ጥቂት ስትሮ ቀልጦ እንቅስቃሴው ወዲያውም ከሦስት ሰዓት በኋላም ይታይ። ጥራቱም፣ ማለትም ከመቶው ስንቱ ኤክስ እንደሆነ፣ ዳግም በማሽኑ ይለካ። የተለመደው 90 በመቶ ነው። ያም ቢሆን አሥር ጥጃ ተወልዶ አሥሩም ሴት የመሆን ዕድሉ 35 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ ወንድ ጥጃ ያገኘ ገበሬ አዳቃዩን አይውቀስ።

ስትሮዋ እጃችሁ ከገባች በኋላ፦ ከናይትሮጅኑ አውጥታችሁ ወዲያው ከ35 እስከ 37 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 45 ሴኮንድ አቅልጡ፣ ጠርጉ፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ተጠቀሙ። የተለየ ስፐርም በላሟ ማህፀን ውስጥ ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ «ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ የታየች ማታ ትዳቀል» የሚለውን ልማድ ትንሽ ወደ ኋላ ግፉት፤ ምልክቱ ከጀመረ ከ16 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሻላል። በቅድሚያ ለጤነኛና ክብደቷ ለደረሰ ጊደር ስጡ። ደጋግማ ተዳቅላ ያልያዘች ላም ላይ አታባክኑት፤ ለእሷ 20 ሚሊዮን ስፐርም ያለው ተራው ስትሮ ይበቃታል።