አዲስ የጭቃ ጎማ ሲሞከር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች፦ በአዳማ ዙሪያ ከድጥ እስከ ማጥ

አዲስ የጭቃ ጎማ ያስገጠመ ሰው ከጎሚስታው ግቢ እንደ ወጣ ዓይኑ የሚፈልገው ጭቃ ነው። ጉጉቱ የሚያስወቅስ አይደለም፤ ነገር ግን «መኪናው ከጭቃው ወጣ» ማለትና «በጎማው ምክንያት ወጣ» ማለት አንድ እንዳልሆኑ ካልለየ፣ ውሎው መዝናኛ እንጂ ሙከራ ሊባል አይችልም። እኔ ከወንጂ የአገዳ እርሻዎች እስከ ሞጆ ዋልካ ድረስ በአንድ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ስመላለስ ሦስት ጊዜ የጭቃ ጎማ ቀይሬአለሁ፤ ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉንም የሠራሁት በመጀመሪያዎቹ አራት ጎማዎች ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ከሱቅ ሳይወጣ የሚፈጸም ሲሆን፣ እሱም ያልተነዳ ጎማ ሁሉ አዲስ ነው ብሎ ማመን ነው። በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ረጅም መለያ መጨረሻ የሚገኙት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ 3223 ቢል በ2023 እ.ኤ.አ. 32ኛው ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የተሠራ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ የዘመን አቆጣጠሮች ተጋጭተው ገዢውን ያሞኙታል፤ በ15 የሚያልቅ ቁጥር አይቶ «የ2015 ነው፣ ገና ነው» የሚል ሰው በእጁ የያዘው በእርግጥ የ2007 ወይም የ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ጎማ ነው። በመጋዘን ለዓመታት የቆመ ላስቲክ ይደርቃል፣ እርጥብ አስፋልት ላይም መያዣው ይቀንሳል፤ ስለዚህ በእንዲህ ዓይነቱ ጎማ የሚደረግ ሙከራ ስለ ሞዴሉ የሚነግረን ነገር የለም። ጭነት የሚጭን ሰው ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈውን ቁጥርም ይመልከት፤ ለምሳሌ 121 የሚል ቁጥር አንዱ ጎማ እስከ 1,450 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም ያሳያል፣ ከእሱ አጠገብ ኪው የተባለው የላቲን ፊደል ካለም ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ነው።

ሁለተኛው ስህተት ትልቁ ነው፤ የንፋስ መጠንን ሳያስተካክሉ ጎማ ከጎማ ማወዳደር። ጎሚስታዎቻችን ዝም ብለው «ሠላሳ አምስት» የሚሉት በፒኤስአይ የሚለካው ንፋስ የጎማውን ባሕርይ ከማንኛውም የጥርስ ቅርጽ በላይ ይለውጠዋል። አንድ ክረምት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በወንጂ መንገድ አቅራቢያ በአንድ ጭቃ ላይ ተራ በተራ ገብተን ነበር፤ የእሱ መኪና እየተንሸራተተም ቢሆን ሲያልፍ የእኔው ግን ሦስት ጊዜ ተቀርቅሮ ቀረ። እኔም የገዛሁትን የጎማ ምርት ስረግም ዋልኩ፤ ማታ ስንለካ ግን የእሱ 22፣ የእኔው 38 ሆኖ ተገኘ። በማግስቱ ሁለታችንም በ22 ገባንበት፣ ሁለታችንም አለፍን። ያን ሁሉ እርግማን ያወረድኩት ጥፋት በሌለበት ጎማ ላይ ነበር።

ስለዚህ መለኪያው የራስዎ ይሁን፤ በየነዳጅ ማደያው የሚገኙት መለኪያዎች እርስ በርሳቸው እንኳ ላይስማሙ ይችላሉ። ልኬቱ መወሰድ ያለበት መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆሞ ጎማው ሲበርድ ነው፤ ምክንያቱም ጥቂት ተጉዞ የሞቀ ጎማ ከአራት እስከ ስድስት ፒኤስአይ ጨምሮ ስለሚያሳይ፣ በቀትር የአዳማ ሙቀት ላይ ደርሶ «በዛ» ብሎ ያስተነፈሰ ሰው በማግስቱ ጠዋት የጎደለ ጎማ ያገኛል። በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ የተለጠፈው ቁጥር መኪናው ከፋብሪካ ይዞት ለወጣው ጎማ የተሰላ መሆኑንም መርሳት አይገባም፤ ለቀላል ጭነት መኪና ተብለው የሚሠሩት ወፍራም ጎማዎች ያንኑ ክብደት ለመሸከም ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ንፋስ ይፈልጋሉ። ወደ አሰላ የሚወጡ ሰዎች «ደጋ ስንደርስ ንፋሱ ይለወጣል» ሲሉ እሰማለሁ። ከአዳማ 1,650 ሜትር ገደማ ወደ አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ሲወጣ የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ መለኪያው ወደ አንድ ፒኤስአይ ይጨምራል፤ ነገር ግን የደጋው ቅዝቃዜ ያንኑ ያህል ስለሚመልሰው ልዩነቱ የሚያሳስብ አይደለም።

በማጥ ውስጥ ንፋስን ወደ 20 ማውረድ ጎማው ጠፍጠፍ ብሎ ሰፊ መሬት እንዲረግጥ ይረዳል። ከ15 በታች ሲወርድ ግን ጎማው ከቸርኬው ሊለቅ ይችላል። የከፋው ስህተት ከጭቃው ከወጡ በኋላ ሳይሞሉ ወደ አስፋልት መመለስ ነው፤ የጎደለ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ጎኑ ያለማቋረጥ እየታጠፈ ይግላል፣ ሙቀቱም ከውስጥ ይበላዋል። ተንቀሳቃሽ ኮምፕሬሰር የሌለው ሰው ንፋስ ባያስተነፍስ ይሻለዋል።

ሦስተኛው ስህተት «ጭቃ ጭቃ ነው» ማለት ነው። «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለውን አነጋገር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መጀመሪያ የተናገረው ሰው ስለ ጎማ ባያስብም ሁለቱን ጭቃዎች በደንብ ለይቷቸው ነበር። ድጥ ማለት ከላይ ስስ ቅባት መሳይ ጭቃ ያለበት፣ ከሥሩ ግን ጠንካራ መሬት የሚገኝበት ነው፤ የጭቃ ጎማ ትልልቅ ጥርሶችና በመካከላቸው ያሉት ሰፋፊ ክፍተቶች ስሱን ጭቃ ሰንጥቀው ጠንካራውን ስለሚይዙ፣ እዚህ ቦታ ማንኛውም ደህና የጭቃ ጎማ ጀግና ይመስላል። ማጥ ግን ወለል የለውም፤ ጎማው የሚይዘው ጠንካራ ነገር ሳያገኝ ራሱን በጭቃ ይሞላና እንደ ድቡልቡል ሸክላ ይሆናል። በማጥ ውስጥ የሚለካው ሌላ ችሎታ ነው፤ ጎማው በጥርሶቹ መካከል የገባውን ጭቃ እየተሽከረከረ ወርውሮ ራሱን ማጽዳት መቻሉ።

የአዳማ ነዋሪ በዚህ ረገድ የሚሳሳትበት ልዩ ምክንያት አለው። የከተማዋ ዙሪያ አፈር በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ አመድና ከፐሚስ የመጣ፣ ቀላልና አሸዋማ በመሆኑ ዝናቡ ካባራ በኋላ ውሃውን ፈጥኖ ያሳልፈዋል፤ ጠዋት ጎማ ያሽከረከረው ቦታ ከሰዓት በኋላ ደልደል ብሎ ሊገኝ ይችላል። ወደ ሞጆና ወደ ቢሾፍቱ አቅጣጫ፣ ጤፍ በሚዘራባቸው ሜዳዎች ያለው ጥቁር ዋልካ ግን ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ ለቀናትም አይለቅም። ስለዚህ አንዱን ጎማ በአሸዋማው ላይ፣ ሌላውን በዋልካው ላይ የሞከረ፣ ወይም አንዱን ጠዋት ሌላውን ከሰዓት በኋላ የሞከረ ሰው ያወዳደረው አፈርንና ሰዓትን ነው። አንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ በተመሳሳይ ንፋስና ጭነት፣ በተመሳሳይ ማርሽ፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ልዩነት የጎማው ነው ለማለት ይቻላል።

ከዚሁ ጋር የነዳጅ ፔዳልን እስከ ወለሉ መርገጥ አብሮ ይነሳል። ጎማው ራሱን እንዲያጸዳ የተወሰነ ሽክርክሪት ቢያስፈልገውም፣ መኪናው ወደ ፊት መሄድ ካቆመ በኋላ የሚደረገው ሽክርክሪት ሁሉ ጉድጓድ ከመቆፈር አያልፍም፤ ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም ከመኪናው ሥር በጎማዎቹ መካከል ያለው ድቡልቡል የማርሽ ቤት፣ መሬት ላይ ከተቀመጠ ደግሞ የዓለም ምርጥ ጎማ ቢታሰርም አያወጣውም።

አራተኛው ስህተት አስፋልቱን መናቅ ነው። የጭቃ ጎማ የሚገዛ የአዳማ ሰው አብዛኛውን ኪሎ ሜትር የሚነዳው በአስፋልት ላይ ሆኖ ሳለ፣ ሙከራውን በሙሉ በጭቃ ላይ ያደርጋል። እንዲህ ያለው ጎማ መሬቱን የሚነካው ላስቲክ ያነሰ፣ ውሃን የሚጠርጉ ቀጫጭን ስንጥቆቹም ጥቂት ስለሆኑ፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ የፍሬን ርቀቱ ከተራ የመንገድ ጎማ ይረዝማል። በተለይ ከረጅም በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ፣ ለወራት የተከማቸው አቧራና ዘይት ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ መንገዱን ሳሙና ያስመስለዋል። በተጨማሪም አዲስ ጎማ ከማምረቻው ቅርጽ የሚላቀቅበት ቅባት በገጹ ላይ ስለሚቀር፣ እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ረጋ ብሎ እየነዱ ማላመድ ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያው ቀን «ፍሬን አይዝም» ብሎ መፍረድ ጎማውን ያለጊዜው መክሰስ ነው። የፍሬን ሙከራ ሰውና መኪና በሌለበት ገላጣ ቦታ እንጂ በሕዝብ መንገድ ላይ እንደማይደረግ መናገር ባያስፈልግ ደስ ባለኝ ነበር።

ነዳጅን በተመለከተ ሁለት የሒሳብ ወጥመዶች አሉ። አንደኛው የጎማ መጠን ነው። 265/65 አር 17 የሆነው ጎማ ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ብዙ ሰው በምትኩ የሚያስገጥመው 265/70 አር 17 ግን 803 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ልዩነቱ 3.4 በመቶ ነው። በመሆኑም ዳሽቦርዱ 100 ኪሎ ሜትር ሲል መኪናው የሄደው 103.4 ነው፤ ሊትሩን በዳሽቦርዱ ኪሎ ሜትር የሚያካፍል ሰው ጎማው ከሚበላው በላይ እንደበላ አድርጎ ያስባል፣ የፍጥነት መለኪያውም ካለበት በታች ያሳየዋል። በስልክ ጂፒኤስ ማመሳከር ይህን ያስተካክላል። ሁለተኛው ወጥመድ መልክዓ ምድሩ ነው። በፈጣን መንገዱ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ወደ 700 ሜትር ገደማ ሽቅብ መውጣት ስለሆነ፣ በመሄጃው ብቻ የተለካ ፍጆታ ሁልጊዜ ያስደነግጣል፣ በመመለሻው ብቻ የተለካ ደግሞ ሁልጊዜ ያስደስታል። ደርሶ መልሱን መለካት ነው።

አምስተኛውን ስህተት ስናገር አሁንም አፍራለሁ። ከአገዳ እርሻ መንገድ ወጥቼ በፈጣኑ መንገድ ላይ 90 ስደርስ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ «ባላንሱ ተበላሽቷል» ብዬ በቀጥታ ወደ አንድ ጎሚስታ ሄድኩና አራቱንም አስደርጌ ከፈልኩ። ለሁለት ቀን ደህና ሆነ፣ በሦስተኛው ቀን ከበፊቱ ብሶ ተንቀጠቀጠ። ነገሩ በቸርኬው የውስጥ ገጽ ላይ የተለጠፈው ጭቃ ነበር፤ የእርሳስ ክብደቶቹ የተገጠሙት ጭቃውን ለማመጣጠን ስለነበር፣ ደርቆ ሲረግፍ ባላንሱም አብሮ ተናጋ። ከጭቃ የወጣ መኪና ላሜራው ሳይሆን የቸርኬው ውስጥ መታጠብ አለበት፤ ንዝረት የሚመረመረው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ ጎማ ከታሰረ በኋላም ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ተነድቶ ዳዶዎቹ እንደገና መጥበቃቸው ይታይ፤ ይህም የንዝረት ምንጭ ሊሆን ይችላል፣ ከንዝረትም የከፋ ነገር ያመጣል።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። መሪ ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ ጎማው ፓራፋንጎውን መንካት አለመንካቱን ባዶ መኪና ቆሞ ማየት አይበቃም፤ ጭነት ተጭኖ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እየተነዳ መታየት አለበት። ሁለት አዲስ የጭቃ ጎማ ከኋላ፣ ሁለት ያለቀ የመንገድ ጎማ ከፊት አስሮ አራቱን እግር ማስገባት (ሞተሩ አራቱንም ጎማ እንዲያሽከረክር ማድረግ)፣ ቁመታቸው ስለሚለያይ ማርሹንና ዲፈረንሻሉን ያስጨንቃል፤ መካከለኛ ዲፈረንሻል (የፊትና የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያስችለው) የሌለውን መኪና በደረቅ አስፋልት በአራት እግር መንዳትም ያው ነው። ስኮርታውም ከአራቱ ጋር እኩል ቁመት ይኑረው።

ብቻን መሄድም ስህተት ነው። ሁለተኛ መኪና፣ አካፋና ጠንካራ የመጎተቻ ገመድ ሳይያዝ ወደ ማጥ አይገባም፤ ገመዱም ለተጎታች ከኋላ በተሠራው የብረት ኳስ ላይ ፈጽሞ መታሰር የለበትም፣ ተሰብሮ ከተፈናጠረ ሰው ሊገድል ይችላልና። የሚሞከርበት ቦታም የማንም ማሳ መሆን የለበትም፤ እርጥብ ዋልካ ላይ ጎማ የተወው ቦይ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር፣ ገበሬው በሬ ጠምዶ ሲመጣ መከራውን የሚያየው እሱ ነው።

የመጨረሻው ስህተት በመጀመሪያው ሳምንት ፍርድ መስጠት ነው። የጭቃ ጎማ ድምፅ አዲስ ሳለ ዝቅ ብሎ፣ ጥርሶቹ ሳይመጣጠኑ ሲበሉ ወደ ጩኸት ሊለወጥ ስለሚችል፣ የዛሬው ጸጥታ ስለ ከርሞው ዋስትና አይደለም። ገና ሲታሰር የጥርሱን ጥልቀት በውስጥ ጠርዝ፣ በመካከልና በውጭ ጠርዝ ለክቶ ከቀኑና ከኪሎ ሜትሩ ጋር መጻፍ፣ ከዚያም በየ5,000 እስከ 8,000 ኪሎ ሜትሩ የፊቱንና የኋላውን እያቀያየሩ እንደገና መለካት ነው። የእኔ ሦስተኛዎቹ ጎማዎች በመጀመሪያው ልኬት ከፊት ግራው በስተቀር እኩል አልቀው ነበር፤ ያ አንዱ ጎማ በውጭ ጠርዙ ብቻ 2 ሚሊ ሜትር ቀድሟቸው ስለተገኘ፣ ወደ ጎማ ሻጩ ሳይሆን የጎማ አቀማመጥ ወደሚስተካከልበት አላይመንት ቤት ወሰድኩት።