የካንቶን ጥብስ ጎድን በቤት ምድጃ፦ ችግርና መፍትሄ

በሆንግ ኮንግና በደቡብ ቻይናው ጓንግዶንግ (ካንቶን) ክፍለ ሀገር የጥብስ ሱቆች መስኮት ላይ ተሰቅሎ የሚታየው ቀይና አብረቅራቂ የአሳማ ሥጋ ቻር ሲዩ ይባላል። ጎድኑም በዚሁ ቅመም ይሠራል። ሱቆቹ ሥጋውን በመንጠቆ ሰቅለው ስለሚጠብሱት ሙቀቱ ከሁሉም ጎን ያገኘዋል፤ ስቡም ወደ ታች ይንጠባጠባል። በቤት ምድጃ ግን ሥጋው ተጋድሞ ነው የሚበስለው። ስለዚህ በፓትራው ላይ የሽቦ ፍርግርግ አድርጋችሁ ጎድኑን በዚያ ላይ አሳርፉት።

ላዩ ከስሏል፣ ውስጡ ግን ከአጥንቱ አልላቀቅ ብሏል

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው። ምክንያቱም ሥጋውና ለማብረቅረቅ በላዩ የሚቀባው ማር የሚፈልጉት እሳት የተለያየ መሆኑ ነው። ጎድን ኮላጅን (ሥጋን የሚያጠነክር ጅማታም ፕሮቲን) የበዛበት ሥጋ ነው፤ የሚለሰልሰውም የውስጡ ሙቀት 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ደርሶ ጥቂት ሲቆይ ነው። ለጤና ብቻ ከሆነ 63 ዲግሪ ደርሶ 3 ደቂቃ ማረፉ በቂ ነው፤ ጥርስን ግን ያደክማል። ማር ደግሞ ፍሩክቶስ ስለሚበዛበት ከተራው ስኳር ቀድሞ ይጠቁራል። ሁለቱን አብሮ ማስገባት አንዱን ማበላሸት ነው።

መፍትሄው ለያይቶ መሥራት ነው። መጀመሪያ ጎድኑን ያለ ማር፣ በአልሙኒየም ፎይል ግጥም አድርጋችሁ ሸፍናችሁ በ150 ዲግሪ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት አብስሉት። ቀጭን የእንጨት ስንጥር ያለ ትግል ከገባ ደርሷል። ከዚያ ፎይሉን አንሱ፣ ምድጃውን ወደ 220 ዲግሪ ከፍ አድርጉ፣ ማሩን በብሩሽ ቀቡና አምስት አምስት ደቂቃ እያቆያችሁ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ድገሙት። በዚህ ጊዜ ከምድጃው ፊት አትራቁ፤ ጠርዙ ብቻ ጠቆር ሲል ይበቃዋል።

ቅመሙ ከላይ ቀርቷል

በአጥንቱ በኩል ያለው ስስ ሽፋን አልተነሣም ማለት ነው። በቢላዋ ጫፍ ፈልቅቁትና በወረቀት ይዛችሁ ሳቡት፤ በአንድ ጊዜ ይገፈፋል። ጎድኑን አንድ በአንድ ቆራርጦ መዘፍዘፍም ቅመሙ የሚያርፍበትን ገጽ ያበዛል። አንድ ሌሊት በፍሪጅ ማደሩ በቂ ነው። ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በዋናነት ጨው ስለሆነ ቀናት ማቆየት ሥጋውን ጨዋማ ከማድረግ በቀር ብዙም አይጨምርለትም።

ቀለሙ ቡናማ ሆነ እንጂ አልቀላም

ሶያ ሶስ ቡናማ ቀለም ነው የሚሰጠው። ቀይነቱ የሚመጣው በቀይ ሻጋታ በቦካ ሩዝ ቀለም ከሚሠራው ቀይ የቦካ ቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) ነው፤ ብዙ ሱቆችም የምግብ ቀለም ይጨምሩበታል። አንድ ወይም ሁለት የቶፉ ኩብ ፈጭታችሁ ከሆይሲን (ጣፋጭና ወፍራም የቻይና ሶስ)፣ ከሶያ ሶስ፣ ከነጭ ሽንኩርትና አምስቱ ቅመም ከሚባለው የቻይና የቅመም ድብልቅ ጋር ቀላቅሉ። ሌላ ጨው አያስፈልገውም፣ ቶፉው፣ ሆይሲኑና ሶያ ሶሱ ጨዋማ ናቸው። በርበሬ ለቀለም ብላችሁ አትጨምሩ፤ ጣዕሙ ፈጽሞ ሌላ ምግብ ይሆናል።

አያብረቀርቅም

በፎይል ውስጥ የታፈነ ሥጋ ላዩ እርጥብ ስለሆነ ማሩ ይንሸራተታል። ከመቀባታችሁ በፊት በወረቀት አድርቁት። ማልቶስ (ከእህል የሚሠራ ወፍራም ሽሮፕ) ካገኛችሁ ከማር ይበልጣል፤ በጣም ስለሚወፍር በጥቂት ሙቅ ውኃ አላሉት። ጥሬ ሥጋ ያደረበትን ቅመም ግን ሳታፈሉ አትቀቡ።

ቤቱ በጭስ ተሞላ

የሚንጠባጠበው ስብ በጋለው ፓትራ ላይ እየተቃጠለ ነው። ውኃ ጨምሩበት፣ ሲጎድልም ሙሉት።

አሳማ ለማይበላ ሰው ይኸው ቅመም በአጥንታም የዶሮ ጭን በጣም ያምራል። ዶሮ ሁለት ሰዓት አይፈልግም፦ በ200 ዲግሪ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ጠብሱት፣ ማሩን በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ቀቡት፣ ውስጡም ቢያንስ 74 ዲግሪ መድረሱን በቴርሞሜትር አረጋግጡ። ቀዩ ቶፉ ብዙ ጊዜ የሩዝ ወይን ስለሚገባበት፣ ከአልኮል የሚርቅ ሰው የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብቦ ይግዛ።